ሁለት ቋጠሮ ያለው ገመድ

ለገሃር አካባቢ አንድ የትራክተር መሸጫ ውስጥ ነን። ጋሼ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተንበርክከዋል። ከኮታቸው ኪስ የቃጫ ገመድ አወጡ። ገመዱ ሁለት ቦታ ተቋጥሯል። አንዱን ቋጠሮ ለኔ ሰጡኝና «እዚህ ጋ ያዥ፣ ከጎማው ጫፍ እንዳታሳልፊ» አሉኝ። ሌላውን ይዘው በትራክተሩ ኋላ ዞሩ። ገመዱ አልደረሰም። አንድ ስንዝር ጎደለው።

«አባባ፣ ስፋቱ እኮ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል» አላቸው ሻጩ ልጅ፣ ሳቁን እንደምንም ይዞ።

«የኔ ድልድይስ ወረቀትህ ላይ አለ?»

ልጁ መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በምሳ ሰዓቴ ብሮሹር ስሰበስብ ከርሜ፣ ስለ ድልድዩ አንድም ቀን አላሰብኩም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጨፌ ዶንሳ ነው የሚያርሱት፣ ከቢሾፍቱ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ። የሳቸው፣ የሁለት ልጆቻቸውና የሟች ወንድማቸው ሚስት መሬት ሲደመር 7 ሄክታር ይመጣል። በጥማድ ስንቆጥረው 28 ነው። ደብተሩ በየስማቸው ነው፤ ማሳው ግን ሦስት ቦታ ተበትኗል። 3 ሄክታር ቤቱ ሥር፣ 2.5 ከመንገዱ ማዶ፣ የቀረው 1.5 ከጅረቱ ማዶ። ጅረቱ ላይ የአገሩ ሰው ተረዳድቶ የሠራው የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ግራና ቀኙ ግንብ ነው። ገመዱ ላይ የተቋጠረው በሁለቱ ግንቦች መሀል ያለው ስፋት ነው። በኋላ በሜትር ስለካው 1 ሜትር ከ80 ሆነ።

መሬቱ የነሱ ነው። ገንዘቡ ደግሞ ከኛ፦ ከእናቴ እቁብ፣ ከኔ ቁጠባ፣ ውጭ ካለው ወንድሜ። መምረጡ እኔ ላይ ወደቀ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ቢሮዬ ሜክሲኮ ነው፣ የምኖረው ግንፍሌ። «አንቺ መሀል ከተማ ነሽ፣ ሁሉ ነገር ቅርብሽ ነው» ተባልኩ። ስለ እርሻ የማውቀው የጤፍ ኪሎ ስንት እንደገባ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የተሳሳትነው ወደ ትንሹ ነው። ሰኔ 2016 ላይ አንድ የምናውቀው ሰው ትራክተሩን ለአንድ ቀን አዋሰን። እሱ ቢሾፍቱ አጠገብ አትክልት ያለማል። ትራክተሯ 28 የፈረስ ጉልበት ናት፣ ቀይ፣ ቆንጆ፣ እንደ ባጃጅ ባለችበት የምትዞር። እሱ ማሳ ላይ ስትሠራ አይተን ልባችን ተሰርቋል። የሱ አፈር ግን ልል ነው። የጋሼ መሬት መረሬ ነው።

መረሬን ለማያውቅ ሰው፦ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ጓሉ በመዶሻም እሺ አይልም። ሲርስ ደግሞ እንደ ማስቲሽ ይይዛል። በሁለቱ መሀል ለማረስ የሚመች ጥቂት ቀን አለ። ጋሼ ያን ቀን ጓል አንስተው በመዳፋቸው ጨመቁት፣ በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉት። አፈሩ ሳይፈረፍር እንደ ሊጥ ተለጠጠ። «ዛሬ አይሆንም። ጠግቧል» አሉ።

ማን ሰምቷቸው። የጋሼ ትንሹ ልጅ ሞተር አስነስቶ ገባ። አሥር ሜትር ያህል ሄደች። ከዚያ የኋላ ጎማዎቿ ጥርሳቸው በጭቃ ሞላና እንደ ዱባ ልሙጥ ሆኑ። የገረመኝ ሞተሩ ምንም አለመሆኑ ነው። ድምፁ ጤነኛ፣ ጭሱ ንጹሕ። ጎማው ብቻ ባለበት እየዞረ ጉድጓድ ቆፍሮ ተቀመጠ። ያወጣናት በሁለት ጥማድ በሬ ነው። አገር ወጥቶ አይቷል። አንድ ሽማግሌ ቀንበሩን እየፈቱ «ስንት ገዛችኋት?» ብለው ጠየቁ። የተዋስናት ናት አልናቸው። «እንግዲያማ ተመስገን በሉ» ብለውን ሄዱ።

ይህን ሶማሌ ተራ ላለ አንድ መካኒክ ስነግረው እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እህቴ፣ ክብደቷን ጠይቀሻል?» አለኝ። አልጠየቅኩም። ትራክተር የሚጎትተው መሬቱን በረገጠበት መጠን ነው። ሞተሩ የቱንም ያህል ቢበረታ፣ ጎማው ላይ የሚጫን ክብደት ከሌለ ጉልበቱ በመንሸራተት ያልቃል። እኩል የፈረስ ጉልበት የተጻፈባቸው ሁለት ትራክተሮች በክብደት በመቶዎች ኪሎ ሊለያዩ ይችላሉ። ከዚያ ወዲህ ብሮሹር ስይዝ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ኪሎው ላይ ነው። የጎደለውን በከፊል መሙላት ይቻላል፤ ፊት ለፊት የብረት ክብደት ይሰቀላል፣ የኋላ ጎማ ውስጥ ውሃ ይሞላል። አንድ የኋላ ጎማ ብቻ ከመቶ ሊትር በላይ ውሃ ይይዛል፣ እሱም ከመቶ ኪሎ በላይ ነው። አራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ ደግሞ የፊቱም ክብደት ይጎትታል። እንዲህ ሲባል ግን በክብደት ላይ ክብደት መቆለል አይደለም። እርጥብ መረሬ ላይ የከበደ ነገር ሲሄድበት አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ውሃም ይቋጥራል። ጨፌ ዶንሳ ላይ ደግሞ የቆመ ውሃ የስንዴ ጠላት ነው።

ከዚያች የሰኔ ቀን በኋላ ቤተሰቡ በሙሉ ወደ ሌላኛው ጫፍ ተገለበጠ። እሑድ ቡና ላይ ግንፍሌ ተሰበሰብን። «ሰማንያ ፈረስ ነው መግዛት!» አለ ያው ልጅ፣ በበሬ የተጎተተው እሱ ስለሆነ። «ትልቅ ከሆነ ሁሉንም ይሠራል።»

እናቴ ረከቦቱ ጋ ተቀምጣ ነበር። «ለ7 ሄክታር ሰማንያ? ምጣዱ ሲሰማ ሊጡ አለቀ ነው የሚሆነው» አለች። በጊዜው የሳቅንበት ነገር በኋላ ሒሳብ ስሠራ እውነት ሆኖ አገኘሁት።

ሒሳቡ ቀላል ነው፣ በስልክ ካልኩሌተር ይሠራል። የማረሻውን ስፋት በሜትር፣ ፍጥነቱን በሰዓት ኪሎ ሜትር አባዢው፣ ለ10 አካፍዪው፤ በሰዓት ስንት ሄክታር እንደሚታረስ ይሰጥሻል። ከዚያ ሩቡን ቀንሺ፤ ጫፍ ላይ ለመዞርና ለመቆም የሚባክን ነው። ባለ ሁለት ዲስክ ማረሻ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆርጣል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ሩብ ሄክታር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። 7 ሄክታሩን በ31 ሰዓት ይጨርሳል። ባለ ሦስት ዲስኩ፣ ሰማንያ ፈረስ የሚጎትተው፣ በ21 ሰዓት። ልዩነቱ 10 ሰዓት ነው። ለአንድ ዙር እርሻ፣ በዓመት። በበሬ ቢሆን አንድ ጥማድ በሬ በቀን አንድ ጥማድ መሬት ነው፤ 28 ቀን። ከ28 ቀን ወደ 4 ቀን ሲወርድ ሕይወት ይቀየራል። ከ4 ቀን ወደ 3 ቀን መውረዱ ግን ያን ሁሉ ብር የሚያስከፍል ሆኖ አላገኘሁትም። በዚያ ላይ 1.5 ሄክታር ማሳ ላይ ትልቁ ትራክተር መንገድ ያዘ ስትል ጫፍ ደርሶ ይዞራል።

የጋሼ ልጅ ይህን ስነግረው አልተረታም። «ለጎረቤት እናከራየዋለና!» አለ። ይሄ እውነተኛ ክርክር ነው፣ ላናንቀው አይገባም። በኛ አገር ትራክተር ከባለቤቱ ማሳ ይልቅ የሰው ማሳ ላይ ነው ብሩን የሚመልሰው። ግን ለኪራይ ከሆነ ሌላ ንግድ ነው የጀመርነው። ሾፌር ይቀጠራል፣ ናፍጣ በጀሪካን ለመቅዳት ደብዳቤ ይጻፋል፣ ሌሊት ኩሽኔታ ሲሰበር አንድ ሰው ተነስቶ ይሄዳል። «ማነው የሚሄደው?» አልኩት። ዝም አለ። ጋሼም ዝም አሉ። እሳቸው የ70 ዓመት ሰው ናቸው።

በዚህ መሀል ነው ገመዱ የመጣው። ጥቅምት 2017፣ ጋሼ ከሽምብራ ጋር ይዘውት መጡ። ያኔ ነው የነገሩኝ። ትልልቆቹ የኪራይ ትራክተሮች በየዓመቱ ይመጣሉ፤ ሁለቱን ማሳ ያርሳሉ። ከጅረቱ ማዶ ያለው 1.5 ሄክታር ግን እስካሁን በበሬ ነው የሚታረሰው፣ ምክንያቱም አንዳቸውም ድልድዩን ማለፍ አልቻሉም። «ያልደረሰልኝ እሱ ነው» አሉ። «የቀረውንማ ሁሌም የሚያርስ አይጠፋም።»

እኔ 7 ሄክታር የሚያርስ ትራክተር ስፈልግ ነበር የከረምኩት። እሳቸው የፈለጉት ደግሞ ማንም ያልደረሰላቸውን ቦታ የሚገባ፣ በየቀኑ የሚሠራ፣ ሲበላሽ አዲስ አበባ መለዋወጫ የሚገኝለት ነገር ነው።

ሻጩ ልጅ ገመዱ ሲያጥር «ጎማውን ገልብጠን እናጠባለን» ብሎን ነበር። አልዋሸም፤ የእርሻ ትራክተሮች የኋላ ጎማቸው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሊስተካከል ይችላል። ግን ሲጠብ ተዳፋት ላይ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል፣ ወደ ድልድዩ የሚወርደው መንገድ ደግሞ ዘቅዛቃ ነው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። በነገራችን ላይ ከሾፌሩ ጀርባ የሚቆመውን የብረት ቅስት «ዛፍ ይነካብኛል» ብሎ የሚፈታ ሰው አለ። አትፍቱ። ትራክተሩ ሲገለበጥ ሰውን የሚያተርፈው እሱና ቀበቶው ነው።

የከፍታውን ጉዳይ የነገረኝም ያው የሶማሌ ተራው መካኒክ ነው። መሸጫው ውስጥ «50 ፈረስ የትም ብትወስጂው 50 ነው» ተብዬ ነበር። መካኒኩ ሳቀ። ሞተር ናፍጣ ብቻ አይበላም፣ አየርም ይበላል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የሚለካው ለባሕር ወለል በቀረበ ቦታ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ጨፌ ዶንሳ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ናት። ስምንት ጊዜ ሦስት፣ 24። ያ 50 የተባለው እዚያ ሲደርስ 38 ነው። የሩቡን ጉልበት ዋጋ ከፍለሽ ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ትተሽው ትሄጃለሽ ማለት ነው። ተርቦ ያለው አየሩን ገፍቶ ስለሚያስገባ የሚያጣው በጣም ትንሽ ነው። እና «ስንት ፈረስ ነው?» ከማለት በፊት «ተርቦ አለው ወይ?» ማለት ነው። አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ፣ ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ የሚቆራረጠው ለምን እንደሆነ እያወቅኩ፣ ሞተርም እንደኔ መሆኑ አልመጣልኝም ነበር።

ሁለት ነገር ቶሎ ልበልና ልለፍ። ከትራክተሩ ኋላ የሚሽከረከረው ዘንግ፣ ፒቲኦ የሚሉት፣ ላይ የሚደርሰው ጉልበት ከሞተሩ ያንሳል፤ 50 የሆነ ሞተር ኋላ ላይ 43 አካባቢ ይሰጣል። መውቂያ ማሽን ስትገዙ ማመሳከር ያለባችሁ ከዚህኛው ቁጥር ጋር ነው። ዘንጉ በደቂቃ 540 ዙር መስጠቱንም አረጋግጡ፣ አብዛኛው መሣሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። ሁለተኛው፣ ማረሻ የሚያነሱት ክንዶች ደረጃ አላቸው። የትንሹ ትራክተር የታችኛው ክንድ ፒን 22 ሚሊ ሜትር ነው፣ የትልቁ 28። «ማረሻ ከጎረቤት እንዋሳለን» ብለን ስናስብ የነበረው በ6 ሚሊ ሜትር ቀረ።

ዋጋውን ባላነሳው ደስ ይለኛል። ሰኔ ላይ ወስነን ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ ሌሊት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የያዝኳቸው ፕሮፎርማዎች በሙሉ መጠቅለያ ወረቀት ሆኑ። ከዚያ በኋላ የሚሰጡኝ ላይ «ለ7 ቀን ብቻ የሚያገለግል» የሚል ማኅተም ነበረባቸው። እናቴ ሁለተኛ እቁብ ገባች።

መለዋወጫውን ግን እኔው ራሴ ዞሬ አጣራሁ፣ በዚህ እኮራለሁ። የአራት ትራክተሮች ስም፣ ከጎናቸው የአምስት ዕቃ ስም ጻፍኩ፦ ፊልትሮ፣ ፍሪሲዮን፣ የውሃ ፖምፓ፣ ቺንጊያ፣ የፊት ጎማ ኩሽኔታ። ቅዳሜ ጠዋት ከተክለ ሃይማኖት ጀምሬ በየሱቁ ገባሁ። አንደኛው ትራክተር በዋጋ ከሁሉ የሚረክስ ነበር፤ ከአምስቱ የተገኘለት ፊልትሮ ብቻ ነው፣ እሱም «ይሆንለታል» ተብሎ። አንድ ባለ ሱቅ ስሙን ስነግረው «እሱ ደግሞ የማን ነው?» ብሎ እኔኑ ጠየቀኝ። ሰረዝኩት። የመሸጫው ሰው ስለ መለዋወጫ የሚነግራችሁን ከመሸጫው ውጭ ጠይቁ። እርሻ ወቅት ላይ ለአንድ ቺንጊያ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ማለት ዓመቱን ማጣት ነው።

የካቲት ላይ ገዛን። 50 የፈረስ ጉልበት፣ ተርቦ ያለው፣ አራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ60። ባለ ሁለት ዲስክ ማረሻ፣ መከስከሻና ተሳቢ ጨመርን። ለቤቱና ለመንገዱ ማዶ ማሳ የመጀመሪያውን፣ ከባዱን እርሻ እንደ ድሮው ትልቅ ትራክተር ተከራይተን እናሳርሳለን። ከዚያ በኋላ ያለውን ድጋሚ እርሻ፣ መከስከሱን፣ መውቃቱን፣ ማጓጓዙን የራሳችን ይሠራል። የጋሼ ልጅ አኩርፎ ነበር። አሁን ከመሪው ላይ የሚያወርደው የለም።

መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ ጣል አድርጎ ቆም ሲል ጋሼ ደወሉ። «ነይ፣ አፈሩ ደርሷል።» ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። መጀመሪያ ያደረጉት ጓሉን መጭመቅ ነው። በአውራ ጣታቸው ገፉት፣ ፈረፈረ። ትራክተሩ ወደ ድልድዩ ወረደ። በግራ አንድ መዳፍ፣ በቀኝ አንድ መዳፍ ተርፎት አለፈ። ጋሼ ከኋላው በእግራቸው ተሻገሩ፣ ገመዱ እጃቸው ላይ ነበር። መረሬው ዲስኩ ላይ እየተጠቀለለ በጥቁሩ ሲገለበጥ ልጃቸው ጮክ ብሎ ይዘፍን ነበር። አንዴ ጎማው ሊንሸራተት ሲል ማረሻውን ትንሽ አነሳው፣ ያዘለት። ማዶው በአንድ ቀን አለቀ ማለት ይቻላል።

እንግዲህ የደበቅኳችሁ አንድ ነገር አለ። ተሳቢውን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ጭነቱን አሰላሁ፣ ጎማውን አየሁ፣ ዋጋውን ተከራከርኩ። ስፋቱን አልለካሁም። ሁለት ሜትር ነው።

ስለዚህ የማዶው ጭድ አሁንም በአህያ ነው ድልድዩን የሚሻገረው፤ ተሳቢው እዚህ ማዶ ቆሞ ይጠብቃል። ጋሼ እስካሁን ምንም አላሉኝም። ባለፈው ግንፍሌ ሲመጡ ግን ገመዱን ቡፌው ላይ ትተውልኝ ሄደዋል።